ምን ይሸትሻል?

አባቴ ከሰውም ከሰዓትም ይልቅ አፍንጫውን ያምን ነበር። ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ፣ ሦስት ደረጃ ወደ ታች ተወርዶ የሚገባበት መስኮት የሌለው መጋዘን አለን፤ ሙዝ የሚበስልበት ነው። ጥሬው ከአርባ ምንጭ በአይሱዙ ይመጣል፣ ግድግዳውን ይዞ ይደረደራል፣ መሀል ላይ የላምባ ምድጃ ይለኮስና በሩ ይዘጋል። ስንጥቁ ሁሉ በጨርቅ ይደፈናል። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ሦስት ቀን፣ ክረምት ከሆነ አራት። በሩ ላይ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ እሷም ውታፍ አላት። አባቴ ጠዋት ጠዋት ውታፉን ይነቅልና አፍንጫውን ይደቅናል። የላምባው ሽታ ደክሞ ጣፋጩ ሲቀድመው "ነገ" ይላል፤ ነገ ይከፈታል። በልጅነቴ አንድ ቀን እንኳ ሲሳሳት አላየሁም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ውታፉን የምነቅለው እኔ ነበርኩ። ሰው "ውታፍ ነቃይ" ተብሎ ሲሰደብ ስሰማ ለረጅም ጊዜ ሙያ ይመስለኝ ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አንድ ጨዋታ ነበረን። አባቴ መሀረብ ውስጥ የሆነ ነገር ይቋጥርና ዓይኔን አስጨፍኖ አፍንጫዬ ሥር ይይዘዋል።

"ምን ይሸትሻል?"

ሎሚ፣ ኮረሪማ፣ ቁንዶ በርበሬ። ካወቅኩ ቋጠሮውን ፈቶ ያሳየኛል፤ ካላወቅኩ እስካውቅ ድረስ አይለቀኝም። እሱ በተራው ሲያሸት ከተሳሳተ እኔም አልምረውም ነበር። በቤታችን ልክ ያልሆነን ነገር ልክ ነው ማለት ነውር ነበር።

አያቴን፣ የአባቴን አባት፣ የማስታውሰው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ለመስቀል አገር ቤት ስንወርድ ስኒውን በሁለት እጁ ጨብጦ እንኳ ግማሹ ይፈስበት ነበር። ሰዉ "ዕድሜ ነው" ይል ነበር፤ እኔም ዕድሜ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ከሙዝ ለመሸሽ ነው፤ እግዜር ግን መልሶ ሙዝ ውስጥ ከተተኝ። ለምርምሬ የደረሰኝ ርዕስ ፍሬ ሲበስል ሴሉ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነበር። ኦቶፋጂ ይባላል። ሴል ያረጀና የተሰበረ ዕቃውን ራሱ ሰብስቦ፣ ራሱ አፍርሶ፣ ከፍርስራሹ የሚጠቅመውን መልሶ ይሠራበታል። ለአባቴ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ምናለሽ ተራ ቅርባችን ነው፤ የዛገ በርሜል ሲቀጠቀጥ ውሎ የከሰል ምድጃ ሆኖ ሲወጣ በየቀኑ እናያለን።

"እያንዳንዱ ሙዝ ውስጥ ምናለሽ ተራ አለ ነው የምትዪኝ?" አለ።

"በሰውም ውስጥ አለ።"

"ይሄን ለማወቅ ነው እስከ ዛሬ የተማርሽው?" ብሎ ሳቀብኝ። ማታ ግን እራት ላይ ወሬውን ሁሉ የራሱ አድርጎ ለእንግዳ ሲያስረዳ ሰማሁት፤ ከእኔ የተሻለ ነበር ያስረዳው።

መጀመሪያ የተበላሸው አንድ ጭነት ነው። አባቴ በሩን ሲከፍት ሙዙ አልፎበት ጠቁሯል። ፊት ለፊታችን ጀሪካን የሚሸጡት ሴትዮ፣ እትዬ እያልኩ ያደግኩት፣ አንድ ዘለላ አንስተው አዩና "ምነው ጋሼ፣ ሽታው እኮ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እኔ ሱቅ ድረስ ይመጣ ነበር" አሉት። አባቴ ሙቀቱን ረገመ። እኔም አብሬው ሙቀቱን ረገምኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ጠዋት ጠዋት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመሄዴ በፊት መጋዘኑ ጋ እንዳልፍ የጠየቀኝ። ውታፉን ይነቅልና ወደ ጎን ይልልኛል።

"ምን ይሸትሻል? ለጥናትሽም ይጠቅምሻል።"

መልሴን ሲሰማ ትከሻው ዝቅ ይላል። ደስ አለኝ። ልጁ ምሁር ሆና አባቷ አማከራት ብዬ ኮራሁ። ቂል ነበርኩ፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ያናድደኛል።

ከወራት በኋላ አንድ ከሰዓት አማካሪዬ ሰብስባን የኦቶፋጂ ጉድለት በሰው ላይ ስለሚያመጣው በሽታ እናነብ ነበር። እርጋታዋ የሚያስቀና ሴት ናት፤ የሞት ወሬም ቢሆን የአየር ሁኔታ እንደምታነብ አድርጋ ነው የምታነበው። የአንጎል ሴሎች ያረጀባቸውን ማጽዳት ሲያቅታቸው ቆሻሻው ይጠራቀማል፣ ሴሎቹ ቀስ በቀስ ይሞታሉ አለች። ከእነዚህ በሽታዎች አንዱ ፓርኪንሰን ነው። ሰዉ የሚያውቀው የእጅ መንቀጥቀጥን ነው፣ ነገር ግን እጅ ከመንቀጥቀጡ ከብዙ ዓመት በፊት የማሽተት ችሎታ ሊጠፋ ይችላል። የእጅ ጽሑፍ እያነሰ ይሄዳል። ሲራመዱ አንዱ ክንድ መወዛወዙን ይተዋል።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ጉንፋን አፍንጫ ይዘጋል፣ ሳይነስ ይዘጋል፣ ኮሮና የስንቱን አፍንጫ ይዞበት ሄዷል፤ ይህን ሁሉ እየደረደርኩ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። አማካሪዬ ቀጠለች፤ ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም።

በማግስቱ መጋዘኑ ጋ ስሄድ ግድግዳውን አየሁ። አባቴ ጭነት የገባበትን ቀን በከሰል በሩ አጠገብ ይጽፋል፤ አጥፍቶት አያውቅም፣ ከላይ ወደ ታች እየወረደ፣ ሲሞላ ሌላ መስመር ይጀምራል። ስንት ዓመት ሳልፈው ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ከላይ ያለው "ሰኞ" መዳፍ ያህላል። ወደ ታች ስወርድ ፊደሉ እየጠበበ፣ እየተጨማደደ ሄደ። የመጨረሻው "ሐሙስ" ከሙዝ ጫፍ አይበልጥም። ለማንበብ ጎንበስ ማለት ነበረብኝ፤ ጎንበስ እንዳልኩ ቀና ማለት አቃተኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላዩ ሆንኩ። ለንግሥ ወደ ተክለ ሃይማኖት ስንሄድ ሆን ብዬ ወደ ኋላ ቀርቼ ክንዱን አያለሁ። ቀኝ እጁ ይወዛወዛል። ግራው ከጎኑ ተጣብቋል። ነጠላ ስለያዘ ነው አልኩ። ነጠላውን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረው፤ ግራው እዚያው ተጣብቆ ቀረ። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" የሚለውን ተረት ሰው ሲናገር አፉን መዝጋት ያምረኝ ጀመር።

በመጨረሻ ልፈትነው ወሰንኩ። አንድ ቅዳሜ መጋዘኑ በር ላይ ሻይ እየጠጣን "እስቲ እንደ ድሮው እንጫወት" አልኩት። ሁለት መሀረብ ቋጥሬ ነበር የመጣሁት። የመጀመሪያውን ሰጠሁት። ዓይኑን ጨፈነ፣ ጣቶቹ ቋጠሮውን ዳበስ አደረጉ፣ ከዚያ ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

"ሎሚ" አለ።

ሎሚ ነበር። ሁለተኛውን ሰጠሁት። ጣቶቹ ዳበሱ፣ ምንም አላገኙም። ረጅም ጊዜ አሸተተ። እንዲህ ስስ ሆኖ የሚቋጠር ነገር ምን እንደሆነ ሲያስብ ግንባሩ ላይ አየሁት።

"ጤና አዳም" አለ።

መሀረቡ ባዶ ነበር።

"ልክ ነህ አባዬ" አልኩት።

በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ስለ ሴል አሟሟት ገጽ በገጽ የምጽፍ ሰው ለአባቴ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አቃተኝ። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ሳምንታት አለፉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ደግሞ የሰውን በሽታ ከባለቤቱ ደብቄ ተቀመጥኩ። በየጠዋቱ አሸትትለት ነበር፣ ያን እንደ ውለታ ቆጥሬ።

ያ ጠዋት ዝናብ ነበረ። ታክሲው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ቆመ፤ ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ። ደንበኞች ቀድመው መጥተው ጠብቀው ሄደዋል። እትዬ ከጀሪካኖቻቸው መሀል ብቅ ብለው "አባትሽ ሙቀቱ እንዳይወጣ በሩን ዘግቶ ገብቷል፤ ከገባ ቆየ" አሉኝ። በዚህ መሀል የላምባው ሽታ መንገዱን ተሻግሮ መጣብኝ። አልደከመም። ገና ትኩስ ነበር።

ምድጃ ታፍኖ ሲነድ የሚያወጣው ገዳይ ጋዝ ራሱ ሽታ የለውም። የሚሸተው አብሮት ያለው ላምባ ነው። አባቴን ይህን ሁሉ ዓመት ከዚያ ክፍል በሰላም ያስወጣው አፍንጫው ብቻ ነበር።

በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ትንፋሼን ይዤ ሦስቱን ደረጃ ወረድኩ። ጨለማ ነው። ዓይኔ ተቃጠለ። እጄን ዘርግቼ ዘለላውን እየዳሰስኩ ስሄድ እጄ የአባቴ ትከሻ ላይ አረፈ። ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ሙዙን በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ነበር፣ እንደ ሰከረ ሰው ቀስ ብሎ። ጎተትኩት። አባቴ ከባድ ሰው ነው። እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም፣ ደረጃው ላይ ሁለታችንም መውደቃችንን ብቻ አስታውሳለሁ።

እትዬ ወተት አምጥተው አጠጡት፤ ጀሪካን ደፍተው አስቀመጡት። ፊቱ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እትዬ ወደ ሱቃቸው ሲገቡ እኔ ፊቱ ቆምኩ። ፍርሃቴ ወደ ቁጣ ተለወጠ።

"ላምባው አልሸተተህም?"

ወደ ተከፈተው በር ዞር አለ።

"አባዬ፣ አልሸተተህም ወይ?"

"ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው" አለ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?" ቀና ብሎ አየኝ። "መሀረቡ ባዶ ነበር አይደል?"

በራሴ አዎ አልኩት።

"ከአራት ዓመትሽ ጀምሮ ስሳሳት ዝም ብለሽኝ አታውቂም። ስቀሽ አርመሽኝ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ነው ብዬ እተወው ነበር። ልክ ነህ ስትዪኝ ነው የጠረጠርኩት እውነት መሆኑን ያወቅኩት።"

የበሽታውን ስም ነገርኩት። ሐኪም ሳያየው እርግጠኛ መሆን እንደማይቻል፣ የሚያግዝ መድኃኒት እንዳለ፣ ጨርሶ የሚያድን ግን እንዳልተገኘ ነገርኩት። የሰማ አልመሰለኝም። በእጁ የወተቱን ብርጭቆ ያዞር ነበር።

"የአባቴ በሽታ ነው" አለ። "እሱም መጀመሪያ የሄደው አፍንጫው ነው። የተበላሸ ቅቤ በልቶ ጣፈጠኝ ያለ ቀን እናቴ ሳቀችበት። እጁ የተንቀጠቀጠው ከዚያ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው።" ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። "ወደ ልጅ ይሄዳል?"

"አብዛኛውን ጊዜ አይሄድም።"

"አብዛኛውን ጊዜ" አለ ቀስ ብሎ፤ ከዚያ ፊቴን ያነብ ጀመር። እኔም የገባኝ ያኔ ነው። ስንት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቀዳዳዋ ጋ አቁሞ ምን ይሸትሻል የሚለኝ ለሙዙ ብቻ አልነበረም። በየቀኑ መልሴን ሲሰማ ትከሻው ዝቅ ይል የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን አወቅኩ። እኔ እሱን ስሰልል እሱ እኔን ሲሰልል ከርሟል።

ሐኪሙ የፈራነውን ነገረን። አባቴ ክኒኑን ይውጣል፣ ከእኔ ውጪ በሩን ማንም አይከፍትም፣ ግድግዳው ላይም የምጽፈው እኔ ነኝ። ላቦራቶሪ ስገባ የሙዙን ሴል በማይክሮስኮፕ አያለሁ፤ ያረጀውን ጠቅልሎ ሲወስድ፣ ሲያፈርስ አያለሁ። አንዳንዴ ሴሉን እባክህ እለዋለሁ፣ ሰው እንዳይሰማኝ ዝቅ አድርጌ።

ባለፈው ወር ጉንፋን ያዘኝ። ቀዳዳዋ ላይ አፍንጫዬን ደቅኜ ምንም አጣሁ። ላምባ የለም፣ ሙዝ የለም። ልዋሽ ነበር፤ መሀረቡ ትዝ አለኝ።

"ጉንፋን ነው አባዬ። ምንም አይሸተኝም።"

"እሺ" አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። እትዬ እንዲያሸቱለት ብነግረው አልሰማኝም። ጭነቱ በሩ እንደተዘጋ ከረመ፣ ጠቆረ፣ ግድ አልሰጠውም። በየጠዋቱ አንድ የተቋጠረ መሀረብ ይዞ በሩ ላይ ይጠብቀኛል።

"እጅሽን ወደ ኋላ" ይለኛል። እሱ ሎሚውን በጣቱ ዳብሶ እንዳታለለኝ እንዳላታልለው ነው።

አንድ ቀን ምንም። ሁለተኛው ቀን ምንም። ሦስተኛው ቀን ማታ እንቅልፍ አጥቼ ሳሙና፣ በርበሬ፣ የራሴን ልብስ ሳሸት አነጋሁ። አራተኛውም ቀን ምንም። እሱም እኔም ጉንፋን ነው ተባባልን።

በአምስተኛው ቀን ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ። ከሩቅ፣ በጣም ስስ ሆኖ፣ አንድ ነገር መጣ።

"ሎሚ" አልኩ።

ዓይኔን ስገልጥ አባቴ ቋጠሮውን ሊፈታልኝ ይታገላል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ጊዜ ወሰደ። አላገዝኩትም፤ ፈቶ እስኪያሳየኝ ድረስ ሁለታችንም ጠበቅን።