ፈረስ እየሳቡ በእግር

ባሌ ይኸነው ባሕር ዳር ድረስ በእግሩ ሊሄድ ነው ሲባል ቆሰበር ሙሉ ሳቀ። እንዴት አይስቅ! ጎረቤት ጠላ ቅመስ ብሎ ሲጠራው ኮርቻ የሚጭን ሰው ነው። እግሩ መሬት ሲነካ የማየው ወይ ሲያርስ ወይ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ነው። ደግሞ ልጅ አይደለም፤ ጉልበቱ ሲነሳም ሲቀመጥም ይንቋቋል።

ይኼ ሰው ነው እንግዲህ አንድ ቀን ለራት እጁን እየታጠበ፣ «ያለምወርቅ፣ ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ባሕር ዳር በእግሬ እሄዳለሁ። ስለት አለብኝ» ያለኝ።

«የምን ስለት?»

«ቦራ አሞት ነበር።»

ቦራ ፈረሱ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ነው ቦራ የተባለው። አሞት ነበር? እኔ የማውቀው ቦራ የእኛን ገብስ ጨርሶ የጎረቤቱን የሚመኝ ፈረስ ነው። አስነጥሶ እንኳ አያውቅም።

«መቼ ነው ያመመው?» አልኩት።

«ውስጡን ነው ያመመው» አለኝና ጎረሰ።

ደሜ ፈላ። ምክንያት አለኝ። ዓምና የሐሞት ጠጠር ይዞኝ ባሕር ዳር ሆስፒታል ሆዴን ሲቀዱኝ፣ ይኼ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ኮሪደር ላይ ከመቀመጥ በቀር አንዲት ቃል አልወጣውም። አጠገቤ የተኛችው ሴትዮ ባሏ ያለቅስላታል፣ ይሳልላታል፣ ብርቱካን ይልጥላታል። እኔ ጣራ ጣራውን አያለሁ። የእኔው ባል «ተሻለሽ?» አለኝ። «ተሻለኝ» ስለው «እንግዲያው ቦራን ውኃ የሚያጠጣልኝ የለም» ብሎ አገሩ ገባ። አሁን ደግሞ ለፈረስ ተስሎ! በዚህ ቤት ማን እንደሚበልጥ ቁርጤን አወቅሁ አልኩ በሆዴ።

«እኔም እሄዳለሁ» አልኩት። ስለት ኖሮኝ አይደለም። ብቻውን ከሄደ ስንቁን ለፈረሱ እንደሚያበላው ስለማውቅ ነው። ደግሞም ጊዮርጊስ ፊት ቆሜ የምከሰው ክስ ነበረኝ። እርግጥ ጊዮርጊስ ራሱ ፈረሰኛ ነው፤ ለማን እንደሚፈርድ አንድዬ ይወቅ።

በማለዳ ወጣን። ቦራ ታጥቦ፣ ጋማው ተበጥሮ፣ ያለ ኮርቻ። ይኸነው ልጓሙን ይዞ ከፊት፣ ፈረሱ መሐል፣ እኔ ከኋላ። ስንቁን ፈረሱ ላይ እንጫን ብለው አሻፈረኝ አለ፤ ጆንያውን በገዛ ትከሻው አንጠለጠለ። እኛ ጭነን ፈረሱ ባዶውን! አዲስ ቅዳም ሳንደርስ አገሩ ሁሉ መሳቂያ አደረገን።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት የሚሸኙት ወይስ እሱ ነው የሚሸኝዎት?» አለ አንዱ።

አንድ ባለባጃጅ ደግሞ ከእኛ እኩል ቀስ ብሎ እየነዳ፣ «አባባ፣ ፈረሱን ለእኔ ይስጡኝና ባጃጁን እርስዎ ይሳቡልኝ» ብሎ ከት ከት አለ። ይኸነው ዞር ብሎም አላየው። «ስለት ነው» ብቻ ይላል። ከዚያ ቃል ሌላ አያወጣም።

ለእኔ አያወጣም እንጂ ለፈረሱስ ያወጣል። እሱ የአገው ልጅ ነው፣ እኔ የቡሬ። ለእኔ በአማርኛ፣ ለቦራ በአውኚ ነው የሚያወራው። ስዳር ከአማርኛ ሌላ አላውቅም ነበር፤ ግን አርባ ዓመት ከአማቶቼ ጋር ኖሬ አውኚ የማይገባኝ ይመስለዋል? «ደከመህ ወይ የእኔ ጌታ? ውኃ ላምጣልህ?» ነው የሚለው። እኔን ማን ደከመሽ ይበለኝ!

አንድ ዳገት ላይ ጉልበቴ ሲከዳኝ፣ «እንግዲያው እኔ ልቀመጥበት፤ እኔ እንደሁ አልተሳልኩ!» አልኩት።

«እሱ ላይ ሰው አይቀመጥም!» ብሎ ጮኸብኝ። መንበር ላይ ልውጣ ያልኩ ነው የሚመስል። እኔም አኮረፍኩ። ኩርፊያዬ ግን አልታወቀልኝም፤ ድሮም ከኋላ ነበርኩ።

ዳንግላ ልጃችን ፋና እህል ትነግዳለች፤ እሷ ዘንድ አደርን። ገና ሳታየን መምጣታችንን ሰምታ ኖሮ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። «ምን ነካችሁ? መኪና በሞላበት አገር!» ብላ ተቆጣች። በጨው ውኃ እግሬን ዘፈዘፈችልኝ። አባቷ ግን የእሱ እግር ውኃ እየቋጠረ፣ ጎንበስ ብሎ የቦራን ሰኮና ይመረምራል።

ጠዋት ፋና፣ «እማዬ፣ አንቺ እንኳ በሚኒባስ ሂጂ፤ እዚያ ትጠብቂዋለሽ» አለችኝ።

«አልሄድም! አሁን መኪና ብሳፈር ፈረሱ አሸነፈኝ ማለት ነው።»

ልጄ እኔንና አባቷን ተራ በተራ አየችን። ከዚያ ስንቅ ጨመረችልን።

ከዳንግላ ወዲያ ሰውዬው ነገረ ሥራው ተለወጠ። እኔ እየበረታሁ ስሄድ እሱ ወደ ኋላ ይቀር ጀመር። በየዛፉ ጥላ «ቦራ ትንሽ ይረፍ» ይላል። መራዊን ካለፍንማ ቀብር የሚሸኝ መሰለ። ጉልበቱ ነው ብዬ በቅቤ ላሸው ብል «ተይኝ» አለ። አንዴ ዞር ስል ግንባሩን የፈረሱ ግንባር ላይ ደግፎ ቆሟል። ኤጭ! አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ አድርጎ አያውቅም።

እንደምንም ባሕር ዳር ደረስን። በዓሉ ዕለት ግቢው ሰው በሰው ሆኗል፤ ጠጠር ቢወረወር መሬት አይነካም። እሱ ፈረሱን ይዞ ወደ ወንዶቹ ወገን ሄደ፤ እኔ ወደ ሴቶቹ። ነጠላዬን መስቀልያ አጣፍቼ ቆምኩና ክሴን ጀመርኩ። «ጊዮርጊስ ሆይ፣ አንተው ፍረደኝ። ይኼን ሰው አርባ ዓመት አብስዬ አበላሁት፣ ልጅ ወለድኩለት…» እያልኩ ገና ሳልጨርስ፣ ስለት የሚያስተዋውቀው ሰውዬ ማይኩን ያዘ።

«አቶ ይኸነው ከቆሰበር! ባለቤታቸው ወይዘሮ ያለምወርቅ ዓምና ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ ‹እሷን ብታተርፍልኝ ያለኝን አንድ ፈረስ፣ ሳልቀመጥበት፣ በእግሬ ስቤ አመጣልሃለሁ› ብለው ተስለው ነበር። ሰማቸው! ይኸው ፈረሱን አስገብተዋል! እልል በሉ!»

ሴቱ ሁሉ እልልታውን አቀለጠው። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። በምን አፌ እልል ልበል? ክሴን እንኳ ወዴት እንደምመልሰው ጠፋኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ጎስጉሼ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

«ምነው እናቴ፣ ምን ሆኑ?» አለችኝ አጠገቤ የቆመች ሴት።

«ያለምወርቅ እኔ ነኝ» አልኳት።

ጆሮዬ ሥር ልትሰነጥቀኝ ደረሰች፣ እልልልል!

እልልታው ሳያባራ ሰውዬው እንደገና ማይኩን ያዘ። ደብሩ ፈረስ የሚያቆይበት ቦታ ስለሌለው ቦራ ለጨረታ ቀርቧል አለ። ወዲያው አንድ ጎረምሳ ከፊት ሆኖ ዋጋ ጠራ።

«ያ ባለጋሪ ነው» አለችኝ ሴትዮዋ።

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ጥር ላይ በአገው ፈረሰኞች በዓል ሜዳውን አቧራ የሚያለብሰው ቦራ ብሎኬት ሊጎትት! እሱስ ይሁን፤ ያ የእኔ ሰውዬ ቤት ገብቶ ባዶውን ጋጣ ሲያይ ምን ይሆናል? አንጀቴን በላው። ስልኬን አውጥቼ ፋና ዘንድ ደወልኩ። «ያለሽን ቶሎ በስልክ ላኪልኝ። ለምን አትበይኝ፤ ለአባትሽም እንዳትነግሪ» አልኳት። እሷም እሺ አለች።

እጄን አነሳሁ። «ከሴቶቹ ወገን ጨመሩ!» አለ ባለማይኩ። ባለጋሪው አንዴ፣ ሁለቴ ጨምሮ ተወው። እሰይ! ስል፣ «ከወንዶቹ ወገን ጨመሩ!»

ማን አባቱ ነው? ተንጠራርቼ ባይ ከሰው ትከሻ በላይ አንድ እጅ ብቻ ይታያል። ጨመርኩ። ጨመረ። ደግሜ ጨመርኩ። እጁ እንደገና ብቅ! «ምን ዓይነቱ ክፉ ነው፣ የሰው ስለት ላይ እንዲህ የሚንገበገብ! ይድረቅ እጁ!» አልኩ። ሴትዮዋም «አሜን!» አለችልኝ። እግዜር ይቅር ይበለን፣ ሁለታችንም በዓል ቀን ነው የረገምነው። ዋጋው አንድ ፈረስ ከሚያወጣው አልፎ ሄደ፤ ባለማይኩ ደስታው ድምፁን ሰለበው።

ይኼኔ ስልኬ ጮኸ። ፋና ናት።

«እማዬ፣ አባዬም ‹ላኪልኝ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ› አለኝ። ያለኝን ለሁለታችሁም ላክሁ። አሁን ደግሞ ጨምሪልኝ ይለኛል! ምንድን ነው የምትገዙት?»

ያን እጅ እንደገና አየሁት። አመልካች ጣቱ ጎበጥ ያለ ነው፤ ማጭድ የበላው ጣት። አርባ ዓመት እንጀራ ያጎረስኩትን እጅ ነው ይድረቅ ያልኩት! የወንድ ወገን የሴት ወገን ማለት ቀረ፣ ሰዉን በክርኔ እየገፋሁ፣ «ይኸነው! አውርድ እጅህን አንተ ሰውዬ!» ብዬ ጮኽኩ። ባለማይኩ አጠገብ ደርሼ ኖሮ ማይኩ ድምፄን ለግቢው ሁሉ አሰማው። ሰዉ ነገሩ ሲገባው ሳቁ እንደ ነጎድጓድ ሆነ። ቄሱ እንኳ መስቀላቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ጨረታ ጨረታ ነው ተባልን። የእሱንም የእኔንም አንድ ላይ አድርገን የመጨረሻውን ዋጋ ከፈልን። ጊዮርጊስ በአንድ ፈረስ የሁለት ፈረስ ዋጋ አገኘ።

ይኸነው ልጓሙን ተቀበለ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ልማዱ ነውና ከማልቀስ መቆጣት መረጠ። «እኔስ ለምጄው ነው» አለኝ። «አንቺ ግን ፈረሱን አትወጂው። ለአንቺ ብዬ የሰጠሁትን ምን ቆርጦሽ ትገዢዋለሽ?»

ልነግረው የፈለግሁት ብዙ ነበር። ስለ ኮሪደሩ፣ በመንገዱ ሁሉ ስለቋጠርኩት ቅናት።

«አንተን ያለ ፈረስ ማን ይችልሃል?» አልኩት።