የእትዬ ሰአዳ ፒክ አፕ

ባለፈው ሳምንት የሳሙና ካርቶን ላስጭን ምካሌስ ሰፈር ካለ መጋዘን ሄጄ፣ ጠባቂው ከበሩ ላይ ሆኖ “ፒክ አፕ?” አለኝ። ዕቃ ልትወስጂ ነው ወይ ማለቱ ነው። ከውስጥ የበረኪና ሽታ ከቃሉ ጋር አብሮ መጣና ቆሜ ቀረሁ። የእትዬ ሰአዳ እጅ እንደዚያ ነበር የሚሸተው።

እትዬ ሰአዳ የወሎ ሴት ነበረች። እዚሁ ዐረብ አገር፣ ዛልቃ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ክፍል በመጋረጃ ከፍለን እሷ፣ እናቴና እኔ እንኖር ነበር። ከአሠሪዋ ቤት ከወጣች ወዲህ የመኖሪያ ወረቀት የላትም፤ በሰዓት እየተከፈላት ቤት ታጸዳለች። እኔም ልጅ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት ግን አልገባሁም። እሑድ እሑድ ጣሪያው ላይ፣ ከተሰጣው አንሶላ ሥር፣ በሸሚዝ ካርቶን ላይ እየጻፈች እንግሊዝኛ ታስተምረኛለች። እሷ የተማረችው የማዳሟ፣ የአሠሪዋ፣ ልጆች ሲያጠኑ ከኋላቸው ቆማ ልብስ እየተኮሰች ነው።

አንዱ እሑድ በፒክ አፕ ብቻ አለቀ። የወደቀ ዕቃ ማንሳት። ስልክ ማንሳት። ሰውን ካለበት ሄዶ ይዞ መምጣት። ቋንቋ ከመንገድ መልቀም። ፖሊስ ሰው ሲያፍስም ያው እሷው። አንድ ቃል ይህን ሁሉ እንዴት ትችላለች ብላት፣ “እንደኛ ናታ፤ ለአንድ ሥራ ተቀጥራ አምስቱን ትሠራለች” አለችኝ። እኔም አማርኛዬን አምኜ፣ ባሕሩ ዳር ካሜራ የያዘ ፈረንጅ አገኘሁና ፎቶ አንሳኝ ለማለት “ፒክ ሚ አፕ” አልኩት። ሰውየው ካሜራውን አስቀምጦ ተሸከመኝ። እትዬ ሰአዳ እንባዋ እስኪወርድ ስቃ፣ ለፎቶ እንደማይሆን ካርቶኑ ላይ ጨመረችልኝ።

አንድ ቀን እናቴ ለምሳ ሳትመለስ ቀረች። ቤት የተተወልኝ ስልክ በማላውቀው ቁጥር ይጮሃል። እናቴ ደግሞ የማታውቂውን ቁጥር እንዳትነኪ ብላኛለች። ሁለት ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። በሦስተኛው እትዬ ሰአዳ ባልዲዋን ይዛ ገባችና፣ ልክ እንደ እሑዱ፣ “ዓለሜ፣ ፒክ አፕ” አለችኝ።

አነሳሁ። እናቴ ነበረች። መንገድ ላይ ፖሊሶች ይዘው ጣቢያ ወስደዋታል፤ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋን፣ ቤት ረስታለች። ወረቀቱ አሁኑኑ ካልመጣላት ወደ እስር ቤት ሊወስዷት ነው።

ወረቀት የሌላት ሴት የሌላ ሰው ወረቀት ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ልትሄድ ሻርፗን አጠበቀች። ቅሪ አላልኳትም፤ እናቴን ፈልጌ ነበር። እኔንም ይዛኝ ሄደች። በሩ ጋ ስንደርስ፣ “በዐረብኛ ካወራሁ ሠራተኛ ነኝ፤ ወረቀቴን ይጠይቃሉ። በእንግሊዝኛ ካወራሁ፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ማን እንደሆንኩ እስኪገባቸው እንወጣለን” አለችኝ።

ኢቃማውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አገጯን ቀና አድርጋ “አይ ካም ቱ ፒክ አፕ ማይ ሲስተር” አለች። እጄን አልለቀቀችም፤ ድምፅዋ እሑድ እሑድ ስታስተምረኝ የምሰማው ነው። ፖሊሱ እሷን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ “ፕሊዝ፣ ማዳም” ብሎ ወንበር ሳበላት። ማዳም አላት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደፋር ነጋዴ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ባዶ እጁን ቀርቦ ሙሉ ዋጋ የተከፈለው ግን አላየሁም።

እናቴ ወጣች። እትዬ ሰአዳ መታጠፊያው ድረስ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ከዚያ አስፋልቱ ዳር ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች።

“ኸላስ፣ በቃኝ” አለች፣ “አሁን እኔን አንሱኝ።”

በግራና በቀኝ ሆነን አነሳናት።

እሷ አገሯ ከገባች ቆየች፤ ካርቶኑም ረጥቦ ተበላሸ። ነጋዴ ጓደኞቼ የማያውቁት ቁጥር ሲደውልላቸው ዝም ይላሉ። እኔ በመጀመሪያው ጩኸት አነሳለሁ። ገበያ እንዳያመልጣት ብላ ነው ይላሉ። ይበሉ።