የቡሪው ኮክ

ልጄ ሃናን በቀለም ቆርቆሮ የተምር ዘር ተክላ በቅሎላታል። ደሴ ላይ! በዚህ ጭጋግ፣ ከጦሳ ተራራ በሚወርደው በዚህ ብርድ! ትናንት ሹራብ ደራርባ ውሃ ስታጠጣው አገኘኋት። ኸርቱም ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ገና ይደናቀፋል።

«ዩማ፣ ይሄ መቼ ያፈራል? ሲያፈራ ቤታችን እንመለሳለን?» አለችኝ።

ቤታችን የምትለው ጦርነቱ ያስለቀቀንን የኸርቱሙን ቤት ነው። ሽንኩርቴ አረረ ብዬ ጓዳ ገባሁ። የምን ሽንኩርት፤ እሳቱንም አላነደድኩ። ቁጭ ብዬ አክስቴን ዘምዘምን አለቀስኩ፣ አላህ ይዘንላትና።

ኸርቱም የወሰደችኝ እሷ ናት። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ጡት ያልጣለ ልጇን እናቷ ዘንድ ትታ፣ እኔን በሥራ እንድረዳት ይዛ ተሰደደች። ዓመት ሳይሞላን የልጁ ሞት ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ስሙን አንስታ አታውቅም።

ቡሪ በሚባል የኸርቱም ሰፈር፣ ሐጅ በሽር የሚባሉ ሽማግሌ ቤት እሷ ታበስላለች፣ እኔ እጠርጋለሁ፤ ግቢው ጥግ ባለች ክፍል እናድራለን። ሐጁ ከእርሻ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ግቢያቸውን፣ እነሱ ሆሽ የሚሉትን፣ ሰፈሩ አይቶት በማያውቀው ፍሬ ሞልተውታል፦ ውስጡ ደም የመሰለ ዘይቱን፣ ዘር የሌለው ሎሚ፣ ባንድ ግንድ ላይ ሦስት ዓይነት ማንጎ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ግሽጣ። አመሻሽ ላይ ሆሹ ውሃ ሲጠጣ የሚመጣው የእርጥብ አፈርና የበሰለ ዘይቱን ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ጎረቤቱ እየመጣ አጃኢብ ይላል። ለእኔ ግን ምኔም አልነበረም። እኔ የምፈልገው እናቴን ነው።

«መቼ ነው የምንሄደው?» እያልኩ ነጋ ጠባ አክስቴን ነዘነዝኳት። አንድ ቀን ከወሎ የመጣች ሴት የኮክ ዘር በመሀረብ ቋጥራ ሰጠቻት። አክስቴ ሐጁን አስፈቅዳ ከውሃ ማሰሮው አጠገብ ቀበረችውና እጄን ያዘች።

«በይ ልጄ፣ ይሄ ኮክ ሲያፈራ የመጀመሪያውን ፍሬ በልተን አገራችን እንገባለን። ቃሌ ነው።»

ኧረ እንዴት አድርጌ ተንከባከብኩት! የሩዝ እጣቢ አጠጣዋለሁ፤ የአሸዋው ነፋስ ሲነሳ በጆንያ እጋርድለታለሁ። በቀለ፣ ከቁመቴም በለጠ። ቅጠሉ ሲያዩት ያምራል፤ አበባ ግን ወይ ፍንክች! እናቴ ድምጿን በካሴት ቀድታ ትልክልኝ ነበር፤ ያኔ ደብዳቤያችን እሱ ነው። ሰላምታዋን ስትጨርስ ሁልጊዜ «ኮኩስ አበበ ወይ?» ትላለች። ከበስተኋላዋ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ሐጁን ኮኩ ምን ሆኖ ነው ብላቸው፣ ወደ መስጊድ እየተቻኮሉ «ብርድ አጥቶ ነው» ብለውኝ ወጡ። እሰይ! ችግሩ ብርድ ከሆነማ እኔ አለሁ። ተልጅ የሚሉትን በረዶ ከሻጩ ገዝቼ፣ ቀጥቅጬ፣ ከሥሩ ከመርኩት። እጄ እስኪደነዝዝ። ፊቴን ሳላዞር የኸርቱም ፀሐይ ውሃ ታደርገዋለች፤ እኔም በነጋታው ሌላ አመጣለሁ። አንድ ጠዋት ሐጁ ደረሱብኝ። ሳቁ፤ ፊቴን ሲያዩ ግን ሳቁን ተዉት።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ አትልፊ። ኮክ በዚህ አገር አያፈራም። አክስትሽ አልነገረችሽም? የተከለችው ቀን ነግሬያታለሁ እኮ።»

በረዶውን እዚያው ጥዬ ማድቤት ገባሁ። አክስቴ ሞሎኺያ የሚሉትን የወጥ ቅጠል እየከተፈች ነበር።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አውቅ ነበር።» ቢላዋዋን አላቆመችም።

«ታዲያ ለምን ተከልሽው?»

«ባላውቅማ አልተክለውም ነበር።» ያኔ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አንቺን እናትሽ ትጠብቅሻለች። እኔን ምን ይጠብቀኛል? የልጄ መቃብር። ጡት ያልጣለ ልጅ ጥላ የሄደችው መጣች ሊሉኝ? ስታለቅሺብኝ አልሄድም ማለት አቃተኝ። ብቻዬን መቅረትም ፈራሁ። ካሁን በኋላ ግን አልይዝሽም፤ ሂጂ።»

በንዴት ጓዜን ሸከፍኩ። በማግስቱ ልወጣ ስል፣ አክስቴ አጎንብሳ ኮኩን ውሃ ታጠጣለች። እንደማያፈራ እያወቀች! አንጀቴን በላችው። ዘንድሮን ልቆይላት ብዬ ጓዜን ፈታሁ። ቀጥሎ በመጣው ካሴት ላይ ዶሮው ይጮሃል፤ ድምፁ ግን የእናቴ ሳይሆን የወንድሜ ነበር። የእናቴን መርዶ ነገረኝ እንጂ ስለ ኮኩ አልጠየቀም።

አክስቴም እዚያው ኸርቱም ተቀበረች። እዚህ ደሴ ኮክ መንገድ ዳር ተቆልሎ ይሸጣል፤ ገዝቼ ቀምሼ አላውቅም። ለልጅ እንዲህ ያለ ውሸት እንዴት ይዋሻል እያልኩ ስንት ዓመት ተብከነከንኩ። ተምር ደሴ ላይ እንደማያፈራ አውቃለሁ፤ በሐጅ በሽር ሆሽ አድጌ ይሄ ይጠፋኛል? ሰፈራችን ፈርሶ ጎረቤቶቻችን እንደተበተኑም አውቃለሁ። ሃናን ግን ይህን አታውቅም።

ዛሬ ጠዋት ጥያቄዋን ደገመችው። ቆርቆሮውን ከዝናቡ አንስቼ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩላት።

«ሲያፈራ እንሄዳለን ልጄ» አልኳት። «ቃሌ ነው።»