በክርስትና ስም የተሞላው መዝገብ

በደርግ ዘመን፣ ከላሊበላ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ በገበሬ ማኅበሩ ባዶ መጋዘን ውስጥ ጎልማሶችን ፊደል አስተምር ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን መጨረሴ ነው፤ ሁሉን የማውቅ ይመስለኛል። ሁለት ወር ያለ መዝገብ እንዳስተማርኩ ከአውራጃው ትእዛዝ መጣ፤ ሠላሳ ተማሪ ካልተመዘገበ ጣቢያው ይዘጋል።

ለመማር የሚመጡት ሴቶች ለመመዝገብ ጠፉ። መዝገብ ይዤ ደጃቸው ስደርስ በጓሮ ይወጣሉ። ወረቀት የያዘ ሁሉ ለሰፈራ የሚመዘግብ ይመስላቸዋል፤ አልፈርድባቸውም። ቢቸግረኝ የንስሐ አባታችንን ለመንኩ። እሳቸው በሁለት ሰንበት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሠላሳ ሁለት ሰው መዝግበው ሰጡኝ። ከደስታ ብዛት ሳላነበው ፈርሜ ላክሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

በሳምንቱ የአውራጃው ተቆጣጣሪ ትምህርት ላይ ሳለን ደረሰ። መዝገቡን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው።

«ጓዲት፣ አሥራ አንዱ በአንድ ስም ነው የተጻፈው። አንዲት ሴት አሥራ አንድ ጊዜ ጽፈሽ ነው ሠላሳውን የሞላሽው? ይህ ጣቢያ ዛሬ ይዘጋል።»

ሳየው ነገሩ ገባኝ። አባ ለጸሎት እንደሚጽፉት፣ ያለ አባት ስም፣ ሁሉንም በክርስትና ስማቸው ጽፈዋቸዋል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሴት ልጅ ክርስትና ስትነሣ በእመቤታችን ስም መሰየሟ የተለመደ ነው። ባስረዳው «ተረትሽን ተዪው» አለኝ። ተናደድኩ፤ እንባዬም መጣ። ከአሥራ አንዱ አንዷ እናቴ ነበረች። እዚህ ለመምጣት ከአባቴ ጋር አንድ ክረምት ሙሉ ተሟግታለች።

እናቴ ከመደቡ ተነሣች።

«ጌታው፣ አሥራ አንዳችንም እዚሁ አለን» አለችው።

ጠመኔውን ከእጄ ወስዳ ሰሌዳው ላይ የዓለም ስሟን ከነአባቷ ጻፈች። ፊደሎቹ ዘመም ዘመም ብለዋል፤ ግን አንድም አልጎደለም። ከኋላዋ የቀሩት ተሰለፉ። ጠመኔው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ተቆጣጣሪው ባርኔጣውን አውልቆ ቁጭ አለ። ከዚያ እስክሪብቶውን አውጥቶ የእያንዳንዷን ስም ከሰሌዳው ላይ እያየ በመዝገቡ አረመ።

ሲጨርስ የሥራው ዓምድ ባዶ መሆኑን አየ። አባ ምን እንደሚሉት ቸግሯቸው ትተውት ነበር።

«እናቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አላት፤ አሁን በአንቱታ ነው።

የቤት እመቤት ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ጠመኔ የነካውን እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

«ተማሪ» አለችው።