መሪውን አጥብቂው

ጉልላት ሰው ፊት ቃል ያጥረዋል፤ ብረት ፊት ግን አንደበተ ርቱዕ ነው። ቀን ካልጋሪ ከተማ፣ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የከባድ መኪና ተሳቢ ይበይዳል። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ማርልቦሮ ሰፈር ካለው ቤቱ ጀርባ፣ ጋራዡ ውስጥ፣ ያንን ጉድ ይሠራል። ጉድ ያለችው ሚስቱ ሰርክአዲስ ናት። የአሮጌ ፒክአፕ ገላ፣ የወታደር ካሚዮን አክሰል፣ ከእርሻ ማሽን የተፈታ ሰው የሚያህል ጎማ፤ ይህ ሁሉ ተገጣጥሞ አሮጌ መኪና ላይ እየዘለለ የሚጨፈልቅ ሞንስተር ትራክ ሊሆን ነው አሉ። ቁመቱ አላስገባ ቢለው የጋራዡን በር ነቅሎ ጣለው። እንደ ፈረንጆቹ 1996 ያን የካልጋሪ ብርድ በሸራ ጋርዶ፣ ጓንቱ ብረት ላይ እየተጣበቀ ሲበይድ ከረመ። እብደት ነው? አዎ፣ እብደት ነው። ግን ያምራል።

በር የሌለው ጋራዥ ደግሞ የሰፈር ልጆች መጫወቻ ሆነ። ዘወር ሲልላቸው ላዩ ላይ ወጥተው መሪውን ይጠመዝዛሉ፤ እሱም ይሳደባል፣ እነሱም ይስቃሉ።

ውድድር ላይ የሚነዳው ግን እሱ አይደለም። ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ሐኪም መዝለል ከልክሎታል። የምትነዳው ልጁ ምሥራች ናት፤ ገና ሕፃን ሳለች ካልጋሪ ገብታ እዚያው ያደገች፣ ነርስነት የምትማር፣ ፍርሃት ያልፈጠረባት ልጅ። ሰርክአዲስ ይህን ስትሰማ አልጮኸችም፤ ብትጮህለት ይሻለው ነበር።

"ከእጅህ ነው የምቀበላት" አለችው፤ "እንደሄደች ትመልስልኛለህ።"

በጤናዋ ሊመልሳት ቃል ገባ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየም።

አባትና ልጅ ሥራ ላይ ሲግባቡ ማየት ነው! እሱ ክሪክ ሲል እሷ ጃክ፣ እሱ ካቻቪቴ ሲል እሷ ስክሩድራይቨር። አማርኛዋማ ፊደል ይውጣል። "አምጥቼዋለሁ" ለማለት "መጥቼዋለሁ" ትላለች፤ እሱ የጎደለውን "አ" በሆዱ ይሞላላትና ያልፋል። ማረም ነበረበት። ግን ሲያርማት ተሰላችታ ጭራሽ ብትተወውስ ብሎ ይፈራል፤ የአባት ነገር!

የመጀመሪያው ውድድር ዋዜማ አለቃው ያላሰበውን ሺፍት ጣለበት። የፊት ጎማዎቹን ከመሪው ጋር የሚያያይዘውን ወፍራም ብረት ገና ማስገባቱ ነበር፤ ዳዶውን በጣቱ አስይዞታል እንጂ በመፍቻ አላጠበቀውም። ሰርክአዲስ ሩጫውን በመስኮት እያየች ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አለችው። እሱ ወደ ሥራ ሊሄድ መኪናውን እያስነሳ ለልጁ ጮኸላት።

"መሪውን አጥብቂው! ቢጫም ቀቢው!"

ቢጫው የራሱ ልማድ ነው። የጠበቀ ዳዶ ላይ በቢጫ ቀለም መስመር ያሰምራል፤ ዳዶው ከተላወሰ መስመሩ ይሰበራል።

ሲመለስ ቢጫው ተቀብቷል። መሪውንስ ብሎ ጠየቃት።

"ጠብቄዋለሁ፣ አባዬ።"

የጎደለውን "አ" ሞላላትና ወደ ሌላ ሥራው ዞረ።

በማግስቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ በሰው ተሞልቷል። የውድድሩ ፈታሽ በባትሪ ከታች አየ፣ ቢጫውን አየ፣ የይለፍ ወረቀቱን ለጠፈ። ምሥራች ሄልሜቷን አጥልቃ ተቀመጠች። ጉልላት ጎማው ላይ ተንጠላጥሎ ቀበቶዋን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ፈተሸው፤ መጨነቁ ገባት።

"አባዬ፣ ዶንት ዎሪ። ትናንት ቁጭ ብዬ ነው መሪውን የጠበቅኩት። ልጆቹ መጡ፣ ሂዱ አልኳቸው። ማንም አልነካውም።"

ፈገግ ብሎላት ወረደ። ወደ አጥሩ እየሄደ ነገሩ በጆሮው ተመላለሰ። ቁጭ ብዬ? ማንም አልነካውም? ጎበዝ ልጅ፣ እሷም አልነካችውማ! ለካ ሙሉ ቀን ዘበኛ ሆናለታለች።

ዞር ሲል ባንዲራ ያዡ ክንዱን ሊያነሳ ነው። ወገቡን ረሳው። ሜዳውን ሰንጥቆ ሮጦ፣ ከራሱ ቁመት የማያንሱት ጎማዎች ፊት ተገተረ። አቁሚ ሊል ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ጠብቂ! ምሥራች፣ ጠብቂ!"

ይህቺን ቃል ታውቃታለች። ሞተሩን አጠፋችው።

ጉልላት ደረቱ እስኪቀደድ እየተነፈሰ ከሥር ገባ። ዳዶውን በሁለት ጣቱ ቢነካው እንደ ጠርሙስ ክዳን ዞረ። ከኋላው ሕዝቡ ያፏጫል፤ አንዱማ ሽማግሌው ሰክሯል መሰለኝ እያለ ይስቃል። ይሳቅ። ተራቸው አለፈ፣ ስማቸውም ከውድድሩ ተሰረዘ።

ምሥራች ወርዳ ዳዶውን በእጁ አየችው።

"ጠብቂው አላልከኝም?"

"አጥብቂው ነው ያልኩሽ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሰምቼሽ ሳላርምሽ እያለፍኩ።"

ሁለቱን ቃላት ደጋግማ አለቻቸው፤ ከዚያ አለቀሰች።

ቤት ሲደርሱ ሰርክአዲስ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አሸነፋችሁ ወይ አላለችም። ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ሳብ አድርጋ አቀፈቻት፤ አልለቅ አለቻት።

ምሥራች በእናቷ ትከሻ በኩል አባቷን አየችው።

"አባዬ፣ አጥብቂው ይሄ ነው?"

"እሱ ነው" አለ ጉልላት፤ ፊቱን እንዳያዩበት መፍቻውን ይዞ ወደ ጋራዡ ሄደ።