ኢልሀም ኮምፒውተሩን ዝም ስታሰኝ

ጎረቤቴ ኢልሀም ክፉ ናት። ላማት ብዬ አይደለም፤ ፊት ለፊትም ብያታለሁ፣ የመለሰችልኝን ግን እዚህ አልጽፈውም። ሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ እኔ ዓሣ እጠብሳለሁ፤ እሷ ከግድግዳው ወዲያ በኮምፒውተር ትጽፋለች፣ ፎቶ ታነሳለች። የዘይትህ ጭስ ማሽኔን ገደለው ብላ ያልጮኸችብኝ ሳምንት የለም። የወሎ ሰው ሲጠሩት «አቤት የኔ ጌታ» ይላል፤ ኢልሀም «ምንድን ነው?» ትላለች።

ጦርነቱ ነው እንዲህ ያደረጋት የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። ደሴ ኮምፒውተር ተምራ መጥታ ሱቁን የከፈተች ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ለውጥ መጣ ብሎ ሲተቃቀፍ፣ እሷ ደንበኛ ታባርር ነበር። ጦርነቱ የጨመረባት ጥርጣሬ ነው። ሸሽተን ስንመለስ ሱቋ ውስጥ የቀረው የግድግዳው ሶኬት ብቻ ነበር። እንደምንም አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አገኘች፤ በሰው ፍላሽ ቫይረስ እንዳይገባባት ብላም አንድ ሳይሆን ሦስት ፀረ ቫይረስ ጫነችበት። ሦስት ክታብ ባንድ አንገት! አንድ ይበቃል ያላት ሁሉ ተሰድቦ ወጥቷል። በሯ ላይ ደግሞ «ቅሬታ አንቀበልም» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈች።

በዚያ ዓመት፣ ንብረቱ የተዘረፈበት አንድ ትምህርት ቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞቹን የኢንተርኔት ምዝገባ ለኢልሀም ሰጣት። የእያንዳንዱ ተማሪ ፎቶ በተባለው ልክ አንሶ መላክ ነበረበት። እሷ ደግሞ አንድ በአንድ መሥራት አትወድም። ዩኒክስ ለሚባለው ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት የተዘጋጁ ትእዛዞችን በዊንዶውስ ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም አላት፤ በዚያ አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ጽፋ ፎቶዎቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ትለቅበታለች። ፕሮግራሙ ስህተት ሲያጋጥመው በእንግሊዝኛ ይነዘንዛል። ኢልሀም ንዝንዝ አይሆንላትም፤ ስለዚህ የስህተቱ መልእክት የትም እንዳይታይ የሚያደርግ ትእዛዝ ጨመረችበት። «ዝም አይነቅዝም» አለችኝ እየሳቀች። ማሽኑም ዝም ብሎ ሠራና ሲጨርስ «ተጠናቋል» አለ። ላከችው።

ብዙም ሳይቆይ ወላጆች መምጣት ጀመሩ። ያልተመዘገቡ ልጆች ነበሩ። ባድሩ የሚባለው እህል ነጋዴ የልጁ የሙስዓብ ስም የለም ተብሎ በሩን ሊሰብረው ደረሰ። «ፎቶውን አልሰጣችሁኝማ!» ብላ ጮኸችበት። «ማሽንሽም እንዳንቺው ውሸታም ነው!» ብሎ ጮኸባት። በመጨረሻ አፉን ለማዘጋት ያህል የሙስዓብን ፎቶ በእጇ አሳንሳ ላከች። የጮኸ ሁሉ እንዲህ እየሆነ ተመዘገበ።

በዚያው ሰሞን ከአምባሰል ገጠር የመጣች እድላዊት የምትባል ተማሪ በሩ ላይ ቆመች።

«እትየ፣ የኔም ስም የለም አሉኝ።»

ኢልሀም ቀና ሳትል በጣቷ ማስታወቂያውን አሳየቻት።

«እሽ እትየ» ብላ ልጅቷ ሄደች።

«ምን አለበት ብታያት!» ብዬ ከመጥበሻዬ ጀርባ ጮኽኩ። ደሜ ፈልቶ ነበር።

«አንተ ዓሣህን ገልብጥ» አለችኝ።

እልኸኛ ናት ግን። የባድሩ ስድብ ሲያንገበግባት ሰነበተና የደበቀችውን የስህተት መልእክት መልሳ ከፍታ ያንኑ ሥራ እንደገና አስኬደችው። እንግሊዝኛው እንደ ጎርፍ ወረደ። ስትሰድበው ሰንብታ በስተመጨረሻ ገባት፤ ለኔም እየተቆጣች አስረዳችኝ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ፎቶ ራሱን የሚመስል «ልጅ» ይወልዳል፤ ፎቶውን የሚያሳንሰው ልጁ ነው። ልጁ ግን በማሽኑ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ልክ የአባቱን ዓይነት ቦታ መያዝ አለበት። ሦስቱ ፀረ ቫይረሶች ደግሞ አዲስ የተወለደውን ሁሉ እንፈትሻለን ብለው አብረውት ይገባሉ፤ አንዳንዴም ቀድመውት ቦታው ላይ ይቀመጣሉ። ያኔ ልጁ ሥራ ሳይጀምር ይጠፋል፣ ፎቶው ይዘለላል፣ ሌላው ሥራ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል።

«እና ጥፋቱ የዘበኞቹ ነው?» አልኳት።

«የዘበኞቹና ማሽኑን ዝም ያሰኘው ሰው» አለች። ስለ ራሷ እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

ፀረ ቫይረሶቹን አንድ በአንድ እያወጣች ሞከረች። ሦስተኛው ሲወጣ ስህተቱ ጠፋ። ከዚያ መጀመሪያ የላከቻቸውን ፎቶዎች ትምህርት ቤቱ ከሰጣት ጋር ስታስተያይ የተዘለሉት ታወቁ። ሁሉም ወላጅ መጥቶ የጮኸላቸው ናቸው፤ ከአንዷ በቀር። እድላዊት ወልዴ።

ምዝገባው ገና አልተዘጋም ነበር። ወዲያው ላከችላት፤ የመፈተኛ ቁጥሯ ያለበትን ወረቀትም አተመች። ልጅቷ ስልክ አልነበራትም። አባቷን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ አብሬያት ሄድኩ፤ ብቻዋን ብለቃት ከገበሬው ሁሉ ትጣላለች ብዬም ፈራሁ። እስከ ውጫሌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር ነው። ዳገቱን ስትሰድብ፣ ፀሐዩን ስትሰድብ፣ እኔን ስትሰድብ ወጣች።

«አፍ የላትም ወይ? እንደ ባድሩ ብትጮህ ምን ነበረበት?» አለች።

«ብትጮህስ ትሰሚያት ነበር?» አልኳት።

ወልዴ ከማሳው ወጥቶ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ተቀበለን። ኢልሀም ወረቀቱን ሰጠችው። ጉርድ ፎቶዋን በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ እያደረገ ብዙ አየው።

«ከትናንት ወዲያ ባቲ ወረደች» አለ። «ስሜ የለም አሉ፣ እንግዲህ ዓረብ አገር ሄጄ ልሥራ ብላ ከደላላ ጋር። ይኼኔ በረሃውን ጀምረውታል።»

ኢልሀም ወደ እሱ ጠጋ አለች። «ጋሽ ወልዴ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። መጥታ ነግራኝ ነበር፣ ሳላያት ሰደድኳት። በአላህ ይስደቡኝ።»

«ምን ብዬ ልስደብሽ የኔ ልጅ? ይኼን ሁሉ ዳገት ለሷ ብለሽ ወጥተሽ።» ወረቀቱን ሳያጥፈው በሁለት እጁ መለሰላት። «ከሚባክን፣ ስሙ ለጠፋ ለሌላ ልጅ አይሆንም ወይ?»

«አይሆንም ጋሼ» አለች። «የሷ ፎቶ ነው ያለበት። ከሷ በቀር ለማንም አይሆንም።»

ያቺ ክፉ ሴት መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። ወልዴ ግን ወደ ጓዳ ዞሮ ሚስቱን ተጣራ። «ለእንግዳዋ የሚቀመስ ነገር አምጪላት» አለ፤ «ከሩቅ ነው የመጣች።»