ለሰንበቴ ችሎት የተገዛች ካሜራ

አባቴ በስልክ ሲያወራ ይጮኻል። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ቁጭ ብሎ ድምፁን አዲስ አበባ ድረስ በራሱ ጉሮሮ ማድረስ ያለበት ይመስለዋል። የዚያን ዕለት ግን የጮኸው ከወትሮው በላይ ነበር።

«ልጄ፣ ተከሰስኩ!»

«በምን?»

«በውሸት! ከሳሼም ያ የበግ ወዳጅ ነው።»

ከሃያ ዓመት በላይ በዘጋቢነት ሠርቻለሁ፤ ስልክ ላይ የሚጮኽ ሰው አያስደነግጠኝም። እስክሪብቶ አንስቼ ማን፣ የት፣ መቼ ብዬ ጠየቅሁ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ወደብ ሥራ ልዘግብ ጅቡቲ ሄጄ፣ በተረፉኝ ቀናት የባሕር ጠለቃ ተማርኩ። አየር የታመቀበት ሲሊንደር አዝሎ፣ በቱቦ እየተነፈሱ ወደ ታች መውረድ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የዓመት ዕረፍቴ ሲፈቅድልኝ ብቅ እልና ሦስት አራት ጊዜ ጠልቄ እመለሳለሁ። ጎበዝ ጠላቂ አይደለሁም፤ ሁልጊዜ ብርቅ የሚሆንብኝ ጠላቂ ነኝ። አባቴ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ጡረተኛ ነው። ውቅያኖስን በሰማያዊ ጠመኔ ሲስል ኖሯል፤ ባሕር ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ የእኔን ጠለቃ እንደ ራሱ ሹመት ነው የሚያየው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰንበቴ ላይ ጠላው እየተቀዳ ዳቦው እየተቆረሰ ሳለ፣ «ልጄ ከባሕር በታች እየተነፈሰች ትሄዳለች» ብሎ ተናገረ።

የልጅነት ባልንጀራው ሳቁ። በግና ፈረስ የሚያረቡ ገበሬ ናቸው፤ በጎልማሳነታቸው በየተወሰነ ዓመቱ ብቻ የሚታጨደውን የጓሳ ተራራ ሣር ከሚጠብቁት አንዱ ነበሩ። ሣሩ ባልተፈቀደበት ጊዜ አጭዶ «ካቻምና የተረፈኝ ነው» የሚልን ሰው፣ ነዶውን አሽትተው ብቻ ያጋልጡት እንደነበር አገር ያውቃል።

«አንተ መምህር» አሉት፣ «ሰው ውሃ ውስጥ ከተነፈሰ እኔም ጓሳ ላይ አሣ ላጠምድልህ ነው!»

አባቴ ማለ። ሰንበቴ ላይ ተምሎ ደግሞ ዝም አይባልም። የእኛ ሽማግሌዎች ከጠላ ቀጥሎ የሚወዱት ችሎት መቀመጥ ነው። ሙሴ የምንላቸው የማኅበሩ መሪ ዳኛ ሆነው ተሰየሙና ወዲያው ብይን ሰጡ፦ መምህር እማኝ ያቅርብ። ካላቀረበ ግንቡ ሥር ያለው ድንጋይ የከሳሹ ይሆናል፤ ካቀረበ የእሱ። ይህ ድንጋይ ከቤተ ክርስቲያኑ የግንብ አጥር አጠገብ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምታርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም ለዓመታት እየተሻሙበት በየእሑዱ ማልደው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። የመንዝን ብርድ የማያውቅ ሰው በዚህ ሊስቅ ይችላል።

«እኔ መጥቼ እመሰክራለኋ» አልኩት።

«አይሆንም። ልጅ ለአባቷ እማኝ አትሆንም ተብሏል። ፎቶም አይሆንም፤ ፎቶ ቤት ገብታ ተነሥታ ይሆናል ብሏል ያ የበግ ወዳጅ። የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የሚፈለገው። ፊትሽ የሚታይበት፣ ትንፋሽሽ የሚታይበት። ልጄ፣ ድንጋዬን አደራ!»

የካሜራውን ፍለጋ እንደማንኛውም ዘገባ በማስታወሻ ደብተር ጀመርኩት። አንድን ነገር ከሦስት ሰው ካልሰማሁ አልጽፍም። መጀመሪያ የተጠቆምኩት ስልክ የሚከተትበት የላስቲክ ከረጢት ነበር። ርካሽ ነው፤ ለገንዳ ዋና ይበቃል። ወደ ታች ሲወረድ ግን ውሃው ላስቲኩን ስክሪኑ ላይ ይለጥፈዋል፤ ስክሪኑም ጣትን ከውሃ መለየት ያቅተዋል። ደግሞ ስልኬ ውስጥ የሃያ ዓመት የዜና ምንጮቼ ቁጥር አለ፤ ለአሣ አልሰጥም። ሌላው ትልቁ ካሜራ ከነብረት ሣጥኑ ነው። ሣጥኑ ከካሜራው ይወደዳል። በዓመት አራት ጊዜ ለሚጠልቅ ሰው ይህን መግዛት ለአንዲት ዶሮ የከብት ጋጣ መሥራት ነው።

የቀረኝ ሞተር ሳይክል ነጂዎች ቆባቸው ላይ የሚያስሩት ትንሹ አክሽን ካሜራ ነበር። እዚህ ላይ ሻጮች የሚያድበሰብሱት ነገር አለ። «ውሃ አያስገባም» ይላሉ፤ እውነት ነው፤ ግን ካሜራው ራቁቱን የሚችለው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ለጠለቃ የሚሆነው ወፍራም የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ሲታሸግ ነው። ሣጥኑ አብሮ ካልተሸጠ ገና ገዝተው አልጨረሱም ማለት ነው። አዲሱ ሞዴል ከቀድሞው የሚለይባቸውን ነገሮች ዘርዝሬ አየሁ፤ አንዳቸውም ለሰንበቴ የሚረቡ አልነበሩም። ስለዚህ ከነሣጥኑ ያገለገለ ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው ሠርግ የሚቀርጽ ነው።

«ለምን ፈለግሽው?» አለኝ።

«ለችሎት።»

ደንግጦ ዋጋ ቀነሰልኝ።

ሌንሱ ፊት የሚገጠም ቀይ ፊልተርም ጨመርኩ። ከቀለማት ሁሉ ውሃ ውስጥ ቀድሞ የሚጠፋው ቀዩ ነው፤ ያለ ፊልተር ፊቴ የሬሳ ፊት ይመስላል፤ ሬሳ ደግሞ አይተነፍስም። ክሱን ያጠናክራል። መብራቱን ተውኩት፤ እኔ የምወርድበት ጥልቀት ላይ የቀትር ፀሐይ ይበቃኛል። በመብራቱ ፈንታ ሁለት እጀታ ያለው መያዣ ወሰድኩ። ጀማሪ የሚቀርጸውን ነገር የሚያበላሸው የካሜራው ርካሽነት ሳይሆን የእጁ መንቀጥቀጥ ነው፤ ይህንን የነገሩኝ ሦስት ሳይሆኑ አምስት ሰዎች ናቸው።

ዕረፍቴ ሊደርስ ሲል መሐል ሜዳ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ሣጥን መጀመሪያ ያለ ካሜራ ይሞከራል፤ ሶፍት ከትቶ፣ ዘግቶ፣ ውሃ ውስጥ መንከር ነው። ግቢያችን ያለው በርሚል በጠዋቱ ስስ በረዶ ጋግሮ ነበር፤ አባቴ በከዘራው ሰበረው። ሙሴው ተጠርተው መጡ። ከሳሹ ሳይጠሩ መጡ፤ በርኖሳቸውን ደርበው፣ የፈረስ ጭራቸውን ይዘው።

«ይቺ ናት እማኟ?» ሣጥኑን አገላበጡት። «የሳሙና ማስቀመጫ አይደለችም?»

«አንተ ደግሞ ሳሙና የት አይተህ ታውቃለህ?» አለ አባቴ።

«ስመጣ ስመጣ ትደብቀዋለህ፣ የት ልየው!»

ሣጥኑ ላይ ድንጋይ አስረን አሰጠምነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች በርሚሉን እንደ በሽተኛ አልጋ ከበው ተቀመጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲወጣ ሶፍቱ ደረቅ ነበር። ከሳሹ ተቀብለው ዳሰሱት፤ አልበቃቸውም፣ አሸተቱት።

«ደርቋል» አሉ እያዘኑ። «መልካም። አሁን ካሜራዋ ትግባና ዓይኔ እያየ ትታሸግ። ከተማ ወርዳ የፈረንጅ ፊልም ቢያስገቡባትስ?»

ሙሴው ጥያቄውን ተቀበሉ። ባትሪው የሞላ፣ ሚሞሪው ባዶ መሆኑን አሳየኋቸው። ቁልፎቹ በውጭ በኩል ስለሚጫኑ ሳይከፈት መቅረጽ ይቻላል። ለአንድ ጠለቃ የሚበቃ ባትሪ ብቻ ነው ያለኝ፤ ቢሆንም ተስማማሁ። አባቴ ሣጥኑን በክር ጠመጠመው፣ ከሳሹ ጧፍ ለኩሰው ቋጠሮው ላይ ሰም አንጠባጠቡ፣ ሙሴው በአውራ ጣታቸው አተሙበት። ልሄድ ስነሣ ከሳሹ ጭራቸውን ዘረጉልኝ።

«ይህንንም ይዘሽ ውረጂ። እጀታው ላይ የፈለፈልኩትን መስቀል አውቀዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ባሕር ውስጥ ዝንብ የለም እኮ።»

«ዝንቡን ተይው። ጭራዬን ከባሕር በታች ካላየሁ አላምንም።»

ጅቡቲ በደረስኩ ማግስት ጀልባ ላይ ቦርሳዬን ስከፍት ጣቴ ተጣበቀ። ሰሙ ቀልጧል። ክሩ በሰሙ ርሶ ላልቶ በራሱ ወልቋል፣ የሙሴው አውራ ጣት የለም። በሥራዬ ብዙ ነገር አይቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጮኽኩ፤ ቀጥሎም ሳቄ መጣና ጀልባው ወለል ላይ ተቀመጥኩ። አራት ደገኞች ተሰብስበን፣ አንዱ የጂኦግራፊ መምህር ሆኖ፣ አንዷ ይህንን ሙቀት ደጋግማ የምታውቅ ሆና፣ በሰም አትመን ወደ ጅቡቲ ልከናል!

አብሮኝ ለሚወርደው አስጠላቂዬ ነገሩን ነገርኩት።

«ሻማ አለኝ» አለ። «መልሰሽ አትሚው፣ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አልኩት። ክሩን እንዳለ በወረቀት ጠቅልዬ አስቀመጥኩ።

ከመውረዳችን በፊት ሣጥኑን ከፍቶ በክዳኑ ዙሪያ ያለውን ጎማ ማየት ፈለገ፤ አንዲት ፀጉር ብትገባበት ውሃ ያስገባል። ማኅተሙ ከጠፋ ወዲያ ምን ቀረኝ ብዬ እሺ አልኩ። መቆለፊያውን ለቀቀ። ክዳኑ ንቅንቅ አላለም። እኔ ከአንድ ወገን እሱ ከአንድ ወገን ይዘን ጎተትን፤ ወይ ፍንክች። ያን ጊዜ ገባኝ። ውስጡ ያለው የመሐል ሜዳ አየር ነው፤ ስስ ነው። የባሕር ዳርቻው አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ክዳኑን ከውጭ ይጫነዋል። ሣጥኑ ገና ጀልባ ላይ ሳለ ሦስት ሜትር ያህል ውሃ የተሸከመ ያህል ታፍኗል። አስጠላቂው መቆለፊያውን መልሶ ዘጋና «ይህ ውሃ ያስገባል ብዬ አልፈራም» አለ። ሌሎቹ ጠላቂዎች የሣጥናቸው መስታወት በእርጥበት ጉም ለብሶባቸው ሲነጫነጩ፣ የእኔ በደረቅ ብርድ የተዘጋ ነውና ጥርት እንዳለ ነበር።

ወረድን። ለካሜራው ቅርብ መሆን፣ እጅ አለማወዛወዝ፣ አንዱን ነገር እስከ አሥር ቆጥሮ መያዝ፤ ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን ሁሉ አደረግሁ። ከዚያ ጭራውን ከወገቤ መዘዝኩ። ፀጉሩ ውሃው ውስጥ ተበተነና በዝግታ ተነፋ። ቢጫ መስመር ያላቸው ትናንሽ አሦች ከድንጋዩ ሥር ወጥተው ከበቡት። ሳወዛውዘው ይሸሻሉ፤ ሳቆመው ይመለሱና ጫፉን ይለቅማሉ። እንደ ዳኛ ወደ ቀኝ ወደ ግራ እያወዛወዝኩ ከባሕር በታች ተንጎማለልኩ። አንዲት ኤሊ መጥታ ጭራውን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም ሳትል ሄደች። በሳቅ ብዛት መነጽሬ ውሃ ገባበት። ካሜራውን ወደ ፊቴ አዙሬ ትንፋሼን ለቀቅሁ፤ አረፋው እየተንፎለፎለ ወደ ላይ ወጣ። ባትሪው ያለቀው ስንወጣ ነው። ካሜራውንና የፈረስ ጭራውን በአንድ ባልዲ ንጹሕ ውሃ አለቅልቄ አንድ ላይ አሰጣኋቸው።

ከጠለቃ በኋላ ወዲያው ወደ ከፍታ መውጣት አደጋ ስላለው፣ አንድ ቀን ተኩል ጠብቄ ተመለስኩ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴው እንዳበቃ ችሎቱ ተሰየመ። መጥፎውን ዜና ማስቀደም ልማዴ ነው።

«ማኅተሙ ቀልጧል» አልኩ። «ክሩም ወልቋል። ይኸው።»

የአባቴ ከዘራ ከእጁ ወደቀ። ከሳሹ ብድግ አሉ።

«ፍርድ ይሰጠኝ! ድንጋዬን!»

«ቆይ!» አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «እዚያ ሣጥኑ ይከፈት ነበር?»

«ለሁለት ስበን አልተከፈተም።»

ፊቱ ሲበራ አየሁት። ለካ ጡረታ የወጣው ደመወዙ ብቻ ነው። ዙሪያውን ሲቃኝ ቦርሳዬ ውስጥ ጅቡቲ ላይ ጠጥቼ የከደንኩትን ባዶ የላስቲክ ውሃ ጠርሙስ አየ፤ እንደ ፊኛ ተወጥሯል። አነሣው።

«ዝም በሉና ስሙ!» ከፈተው። ጥሽሽ አለ። «ይህ የቆላ አየር ነው፤ እኛ ዘንድ ሲመጣ ይንጠራራል። የእኛ አየር እዚያ ሲወርድ ደግሞ ይጨቆናል። ሣጥኑን የያዘው ያንተ ሰም አይደለም፤ የመሐል ሜዳ አየር ነው!»

ከሳሹ ላስቲኩን ተቀብለው አሸተቱ። «እሺ፣ ወደ እኛ ስትመለስ ደብረ ብርሃን ላይ ሣጥኑን ከፍታ መልሳ ዘግታው ቢሆንስ?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ትክክለኛ ነው አልኩ። አባቴ በዓይኑ ገደለኝ።

«እንግዲያው ጭራህ ትመስክር» አሉ ሙሴው።

ሣጥኑ በአንድ ጣት ተከፈተ። ሚሞሪውን አውጥቼ ቪዲዮውን ወደ ስልኬ አዛወርኩት፤ ግን ፀሐዩ ላይ ምንም አይታይም። ሁሉም ከግንቡ ኋላ ወደ ጥላው ሄደው ወፍራም የሱፍ ባና ከላያቸው ጣሉ። ደርዘን የሚያህሉ ሽማግሌዎች አንድ ባና ሥር ሲተፋፈጉ ከውጭ የሚታየው እግር ብቻ ነው።

«ጭራዬ!» የሚል ጩኸት ከውስጥ ወጣ። «ጭራዬ ናት! መስቀሉን እዩት! ኧረ ይቺ አሣ እየበላችብኝ ነው፣ በላት በላት!»

«ይህ የሚወጣው ምንድን ነው?»

«ትንፋሿ ነዋ፣ አንተ ደግሞ!» አሉ ከሳሹ ራሳቸው።

ሙሴው ፀጉራቸው እንደተንጨፈረረ ብቅ አሉ። «እማኝ ደርሷል። መምህር ረትቷል።»

አባቴ ቀጥ ብሎ ሄዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፤ እግሩን ዘረጋ፣ ዓይኑን ለፀሐይ ከደነ። ከባናው ሥር «ድገሚው! ከኤሊዋ ጀምሪው!» ይባላል። አራት ጊዜ ደገምኩላቸው።

«ኑ እንጂ፣ እዚህ ይሞቃል!» አለ አባቴ። ከባናው ሥር የወጣ የለም። ሳስበው ቪዲዮውን አላየውም ነበር፤ ባናው ሥር ሆኖ የሚያየው የባልንጀራውን ፊት ነበር። ጥቂት ታገሠ፣ ከዘራውን አነሣ፣ ወደ ጥላው መጥቶ የባናውን ጫፍ ገለጠ።

«ጠጋ በል እስቲ።»

«ድንጋይህስ?» አሉ ከሳሹ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳይነቅሉ።

«ተቀመጥበት፣ ግድ የለኝም። ባሕሩን ልይ፣ ጭንቅላትህን ዘወር አድርግ!»